መብራት ጠፋ እንዴ?

ቂሊንጦ፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ሻይ ቤት ገብቶ ተርሚናል የከፈተ ልጅ ተረብ ሳይቀምስ አይወጣም። «ምነው ስክሪኑ ጠቆረ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» ይሉታል። በሱ ፈንታ እኔ ልመልስ፤ መብራት ሲጠፋማ እንተያያለን! ያንተ ባለ ብዙ መስኮት ፕሮግራም ራሙንም ባትሪውንም ጠጥቶ ሲተኛ፣ ጥቁሩ ስክሪን ገና ሥራ ላይ ነው።

«ባቡሩ የሚያበቃበት ሰፈር ቁጭ ብሎ ዌብ ሰርቪስ!» የሚልም አለ። ባቡሩ ቃሊቲ ቢያበቃ የአዳማው ፈጣን መንገድ ቱሉ ዲምቱ ላይ ይጀምራል፤ አንተ ወረድክ እንጂ መንገዱ መቼ አለቀ?

«በሁለት ክሊክ የሚከፈተውን ፕሮጀክት በትዕዛዝ መጻፍ ምን የሚሉት ድካም ነው?» እስቲ ሁለቱን ክሊክ ለጓደኛህ በቴሌግራም ላክለት! ትዕዛዝ ግን ይላካል፣ ይገለበጣል፣ ቨርዥኑን ከጻፍክበት ከወር በኋላም ያንኑ ውጤት ይሰጣል። መጀመሪያ «ጃቫ ሰረዝ ቨርዥን» ብለህ ማሽንህን ጠይቅ። ዌብ ሰርቪሱን የምንሠራበት፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የወጣው ስፕሪንግ ቡት 3 ከጃቫ 17 በታች አይሠራም። ይህን ሳያይ የገባ ሰው «61 ነው፣ 52 መሆን ነበረበት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሲመጣበት ላፕቶፑን ፎርማት ሊያስደርግ ይነሳል። ፎርማቱን ተወው፤ 52 ጃቫ 8 ነው፣ 61 ጃቫ 17 ነው፣ ማሽንህ የያዘው አሮጌውን ነው። ከዚያ በከርል ከስፕሪንግ መነሻ ገጽ የፕሮጀክቱን ዚፕ፣ ዓይነቱን «ሜቨን» ብለህ፣ ታወርዳለህ፤ በዲፔንደንሲ በኩል «ዌብ» ማለት ለመነሻ ይበቃል። ዚፑ የኪሎባይት ነገር ነው፤ ስትፈታው ፖም ፋይሉን፣ ሶርስ ፎልደሩንና ኤምቪኤንደብሊው የሚባለውን ማስነሻ ታገኛለህ። ፕሮጀክቱን የሚገነባው ሜቨን ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሜቨንን ራሱ የሚያወርደው ይህ ማስነሻ ነው።

«ሜቨን ፓኬጄን በላው!» አዎ፣ ይበላል፤ ግን የሚበላው በመጀመሪያው ቀን ነው፣ አንተ ቲክቶክህን የምትመግበው ግን በየቀኑ ነው። ያወረደው ሁሉ ሆም ፎልደርህ ውስጥ «ነጥብ ኤም2» በምትባል ድብቅ ፎልደር ይቀመጣል። ኔትወርኩ ደህና በሆነ ሰዓት ቴስቱን ጨምረህ ሙሉውን ቢዩልድ አንዴ አስኪድ። «ጎ ኦፍላይን» የሚለውን ትዕዛዝ ብቻ አምነህ አትቀመጥ፤ የሚያልፋቸው ፕለጊኖች አሉ። ከዚያ ወዲያ «ሰረዝ ኦ» ጨምረህበት ያለ ኢንተርኔት ትሠራለህ። ደግሞ ዶርም ውስጥ ስድስት ልጆች አንዱን ነገር ስድስት ጊዜ የሚያወርዱት ለምንድን ነው? አንዱ ያውርድ፣ ሌላው በፍላሽ ይቅዳ! ሴቲንግስ ፋይሉ ውስጥ የይለፍ ቃል ካለ ግን አስቀድማችሁ አውጡት። የላቡን ኔትወርክ ስትጠብቅ የሴሚስተሯ ግማሽ ያለቀባት ተማሪ ይህን የሚነግራት ሰው ማጣቷ በጣም ያንገበግበኛል።

«እሺ፣ ሰርቪስህ ፖርት 8080 ላይ ‹ሄሎ› አለህ። ታዲያ ምን ይጠበስ?» ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ቃሊቲ ጉምሩክ በር ላይ ቆመህ ወረቀቶቹን እይ፤ ከመርከብ የመጣው ሰነድ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የኛው ደብዳቤ በኢትዮጵያ። ቀን የሚቀይር ትንሽ ሰርቪስ ሥራ! የጃቫ የራሱ የጊዜ ላይብረሪ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የሂጅራን አቆጣጠር ይዟል፤ የኛ የለበትም። ተራው ሎካል ዴት 13ኛ ወር ስትሰጠው ስህተት ነው ብሎ ይወረውርልሃል። ስሪቴን ኤክስትራ የሚባለው ላይብረሪ ግን ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ አለው። ፖም ፋይልህ ላይ አንድ ዲፔንደንሲ ጨምረህ ጳጉሜንን ታስገባታለህ።

«እሱማ ቀላል ነው፤ ስምንት ዓመት መደመር አይደል?» በል አንተ ደምር፣ እኔ ቴስት ልጻፍ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሲገባ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይውጣ። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ሲገባ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይበል። ስምንት የምትደምረው ወንድሜ ሁለቱንም ትስታለህ፤ ሰርቪሱ አንዱን ከሳተ ግን ቢዩልዱ አያልፍም።