ሃምሳ ሎሚና ሃምሳ ሚሊ ሜትር፦ የትርፍ ጊዜ ፎቶ አንሺ ስንት ሌንስ ይበቃዋል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ስለ ምን እንደተነገረ እስካሁን በቂ ጥናት አልተደረገበትም። ሊቃውንቱ ስለ መተጋገዝ ነው ብለው አልፈውታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ሌንስ መግዛት ከጀመረ ወዲህ ተረቱን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ሃምሳ የሚለው ቁጥር በአጋጣሚ የገባ አይመስለውም። ሸክም የሚለውም እንደዚያው።

ጥናቱ የሚመረምረው ይህን ነው፦ ፎቶ እንጀራው ያልሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚወጣ ሰው ስንት ሌንስ ያስፈልገዋል? ለባለሙያው ጥያቄው ቀላል ነው። የሰርግ ፎቶ አንሺ ሁለት ሌንስ ይዞ ይመጣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ክትፎውን በልቶ ይሄዳል። ሦስተኛ ሌንስ ቢያምረው ስንት ሰርግ እንደሚያስወጣው በጣቱ ቆጥሮ ይተወዋል። አስቸጋሪው ከፎቶ አምስት ሳንቲም የማያገኘው ሰው ነው። ገቢ ስለሌለው ኪሳራውን የሚለካበት ነገር የለውም።

ጥናቱ የተካሄደው በአንድ ተጠኚ ላይ ነው። ተጠኚውና አጥኚው የረጅም ጊዜ ትውውቅ ያላቸው ከመሆኑም በላይ የሚለብሱት አንድ ሱሪ ነው። ይህ ገለልተኝነትን ይነካል የሚል ወገን እንዳይኖር ሁለቱ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ተወያይተው ችግር እንደሌለው ተስማምተዋል። በገምጋሚነት ያገለገሉት የተጠኚው ባለቤት ናቸው፤ ያለ ክፍያ፣ አንዳንዴም ሳይጠየቁ።

ከታሪኩ እንጀምር። በ1868 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የእንግሊዝ ጦር ከህንድ ዝሆን ሳይቀር አምጥቶ መቅደላ ሲወጣ የጦሩ መሐንዲሶች ካሜራም ይዘው ነበር። እንግዲህ በአገራችን የፎቶግራፍና የጭነት ጉዳይ ከጥንትም አብረው የተጓዙ ናቸው ማለት ነው፤ ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ከተባለች ሴት ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ካሜሮን ፎቶ ማንሳት የጀመረችው በ48 ዓመቷ ነው፤ ልጇና አማቿ ጊዜ ማሳለፊያ ይሁንሽ ብለው በ1863 ካሜራ ሰጥተዋት። በ1866 ደግሞ ሌላ ትልቅ ካሜራ ከነሌንሱ ጨመረች። ሁለት ሌንስ መሆኑ ነው። በሦስት ዓመት አንድ ብቻ መጨመሯ ዛሬ እንደ ገዳማዊ ሕይወት የሚቆጠር ነው።

የዘመኑ ተቺዎች ካሜሮንን ፎቶሽ ጥርት አይልም እያሉ ይወቅሷት ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይህንኑ ጥፋት ለመፈጸም ያጠራቀመውን ሁሉ የሚከፍል ወጣት ሞልቷል፤ የጥፋቱም ስም «ብለር» ይባላል። የዓለማየሁ ሐዘን ግን በፎቶው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ እሱን ለማየት ሌንሱ የት እንደተሠራ የሚጠይቅ የለም።

ስንት ሌንስ የሚለው ችግር የተፈጠረበትን ዓመት በትክክል ማስቀመጥ ይቻላል። ላይካ የተባለው ካሜራ በ1925 ለገበያ ሲቀርብ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከካሜራው አይነቀልም ነበር። የፊልሙ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 43 ይመጣል፤ ከዚህ ብዙም የማይርቅ ሌንስ ነገሩን ሳያጠብም ሳይለጥጥም ያሳያል። ለአምስት ዓመት ያህል የላይካ ባለቤቶች በሰላም ኖሩ። ስንት ሌንስ ያስፈልገኛል ብሎ እንቅልፍ ያጣ አንድም ሰው አልነበረም። በ1930 ሌንሱ የሚነቀል ሆነ። መከራው ያኔ ገባ።

ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ግን ቢነቀልም ባይነቀልም ግድ ሳይሰጠው አብዛኛውን ዕድሜውን በዚህችው ሃምሳ ዓለምን ዞሯል። ተጠኚው ይህን ባነበበ ዕለት ማታ ሃምሳ ሌንስ አዘዘ። ዓለምን የመዞሩን ነገር ለጊዜው አቆየው።

ሃምሳዋ ስትመጣ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ተከሰተ። የተጠኚው ካሜራ ርካሹ ዓይነት ነው፤ ምስል የሚያርፍበት ሴንሰሩ ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር ያህል እንጂ 36 አይደለም። በዚህ ካሜራ ላይ ሃምሳዋ ከሦስት ሜትር ርቀት የምታየው አንድ ሜትር ከሠላሳ ያህል ስፋት ብቻ ነው። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ደግሞ ሦስት ሜትር ማለት ጀርባ ግድግዳ ነክቶ ማለት ነው። ሙከራው የተደረገው በልጅ ልደት ላይ ነበር። በመጀመሪያው ፎቶ ሁለት አክስትና የሦስተኛዋ ግማሽ ገባ። የቀረችው ግማሽ እስከ ዛሬ አኩርፋለች። ተጠኚው ወደ ኋላ አለ፤ የበረንዳውን በር ከፍቶ ወጣ፤ በረንዳው ላይ የተሰጣ እርጥብ አንሶላ ነበር። ኬኩ ተቆርሶ ሲያልቅ እሱ ገና ከአንሶላው አልወጣም።

ከካሜራው ጋር በነፃ የመጣችው ኪት ሌንስ፣ ያቺ ከ18 እስከ 55 የምትሄደው፣ ከዚያው ግድግዳ ላይ ቆማ ሦስት ሜትር ከሰባ ታይ ነበር። አክስቶቹ በሙሉ፣ ኬኩ፣ ፊኛው፣ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ይገቡ ነበር። ኪት ሌንሷ ግን በዕለቱ ቁምሳጥን ውስጥ ነበረች። ተጠኚው ስለ እሷ መጥፎ መጥፎ ነገር አንብቦባታል።

ከዚህ በኋላ የተደረገው የግምገማ ውይይት እንዳለ ይቀርባል። መነሻው ቀዳዳዋ ሰፋ የምትል ሌላ ሃምሳ የመግዛት ሐሳብ ነው።

«ይቺኛዋ ምን ልታደርግልህ ነው?»

«ጀርባውን ብለር ታደርጋለች።»

«ያለችህስ?»

«ያቺም ታደርጋለች። ይቺ ግን አብልጣ ነው የምታደርገው።»

«ጀርባው ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ያው... ቡፌው ነዋ።»

«ቡፌውን እኮ የገዛነው ሊታይ ነው!»

ይህ አስተያየት በመስኩ ከቀረቡት ሁሉ ከባዱ ነው፤ አጥኚው መልስ አላገኘለትም። የድሮ ፎቶ ቤቶቻችንን ያየ ሰው ያውቃል፤ ከኋላ በቀለም የተሳለ አበባ፣ ፏፏቴ፣ አውሮፕላን፣ አንዳንዴ በረዶ የለበሰ ተራራ ይሰቀላል፤ እጅ ላይ ስልክ ወይም ሬዲዮ ይሰጣል። ደንበኛው የመጣው ለፊቱ ብቻ አልነበረም፤ ፊቱን ቤቱም ያውቁታል። የከፈለው ለጀርባው ነው። ለብዙ አሠርት ዓመታት ከኋላችን ያለው ጥርት ብሎ እንዲወጣ ስንከፍል ኖረን፣ አሁን እንዲጠፋልን ከዚያ አብልጠን እንከፍላለን። የዚህን ለውጥ ምክንያት ለማኅበረሰብ ተመራማሪዎች ትተን እንለፍ፤ ቡፌው ግን እዳው ገና አላለቀም።

ተጠኚው ረጅም ሌንስም አለው፤ የተገዛው ለሰሜን ተራሮች ነው። ከ55 እስከ 250 ይሄዳል። የተጠኚው ሐሳብ ጭላዳ ዝንጀሮን ከሩቅ፣ ሳያስበረግግ ማንሳት ነበር። ጭላዳ ግን ሣር የሚግጥ፣ ለእንግዳም ብዙ ግድ የሌለው እንስሳ ነው። ተጠኚው ሌንሱን ሲያስረዝም መንጋው እየጋጠ መጥቶ ሦስት አራት ሜትር ላይ ተቀመጠ። በ250 የተነሳው ፎቶ ላይ አንድ አፍንጫ አለ፤ ጥሩ አፍንጫ ነው። ዋልያው ደግሞ በተቃራኒው ገደሉ ማዶ ቆሞ በ250ም ቢሆን ከድንጋይ አይለይም። እንግዲህ ሌንሱ የተስማማው በጭላዳውና በዋልያው መካከል በሆነ ርቀት ላይ ለሚቆም እንስሳ ነው፤ እዚያ የቆመችው ዕቃ የጫነችው በቅሎ ብቻ ነበረች። ጥሩ ጥሩ የበቅሎ ፎቶዎች አሉ።

በከተማም ረጅም ሌንስ ባሕርይው ልዩ ነው። ሰው በስልኩ የፈለገውን ሲያነሳ ቀና ብሎ የማያይ ዘበኛ፣ ረጅም ሌንስ ገና ከቦርሳ ሲወጣ ከመቶ ሜትር እየሮጠ ይመጣል። «ወንድሜ፣ እዚህ ፎቶ ክልክል ነው።» ተጠኚው እንደታዘበው ሌንስ በረዘመ ቁጥር ሩቁን ማየት ይቻላል፤ የሚፈቀደው ቦታ ግን እየጠበበ ይሄዳል። የመጨረሻው ረጅም ሌንስ ያለው ሰው የሚያነሳው የገዛ ግቢውን ሳይሆን አይቀርም። የግብዣው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ሌንሱን ያዩ ዘመዶች ፎቶ አንሺ መቅጠር ትተዋል፤ ክርስትናም፣ ምርቃትም፣ ተዝካርም «እሱ አለ አይደል» ይባላል።

የአጠቃቀሙን ማስረጃ በተመለከተ አጥኚው የተጠኚውን ቃል ብቻ ማመን አልፈለገም። የተሻለ ምስክር ተገኘ፤ ሻጋታ። ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ክረምቱን ካሳለፈ በመስታወቱ ላይ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይሠራል፤ ብርሃንና ነፋስ የሚያገኘውን ሌንስ ያን ያህል አይደፍረውም። ስለዚህ ሻጋታው ሐሰት የማይናገር መዝገብ ነው። በመስከረም የተጠኚው አምስት ሌንሶች መስኮት አጠገብ ተደርድረው ተመረመሩ። ኪት ሌንሷ ንጹህ ናት፤ በገምጋሚዋ ትእዛዝ ከቁምሳጥን ወጥታ ዓመቱን ሙሉ ስትሠራ ነበር። ሃምሳዋ ንጹህ ናት። ረጅሙ ጠርዙ ላይ ጀማምሮታል። ሰፊዋ፣ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆሞ በአንድ ፎቶ ለማስገባት የተገዛችው፣ ሁለት ክረምት ያሳለፈች ይመስላል፤ ላሊበላ ገና አልተሄደም። ጥቃቅን ነገር ከቅርብ የምታነሳው ማክሮዋ ውስጥ ግን ያለው ሻጋታ ራሱ በማክሮ ሊነሳ የሚገባው ነው።

ታዲያ አምስቱም ካላስፈለጉት ከየት መጡ? እዚህ ላይ የጭነቱ ነገር ይመለሳል። የተጠኚው አክስት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት፤ በዓመት አንዴ ይመጣሉ። መንገደኛ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይፈቀድለታል። ከአርባ ስድስቱ ኪሎ ላይ ቫይታሚኑ፣ ጫማው፣ ሎሽኑ፣ የለቅሶ ቤት ዕዳው፣ የሰፈር ልጆች ልብስ ሲወጣ ጥቂት መቶ ግራም ይተርፋል። ሃምሳዋ 160 ግራም ናት፤ በካልሲ ተጠቅልላ፣ የማንንም ድርሻ ሳትነካ ገባች። የቀሩትም እንዲሁ በየዓመቱ አንዳንድ እያሉ በካልሲ መጡ። አጥኚው የመጡበትን ዓመትና የተረፈውን ኪሎ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ነገሩ ፍንትው አለለት። ሌንሶቹን ያመጣቸው ትርፍ ኪሎ ነው። ተጠኚው ምክንያቱን ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ዕቃው ጉምሩክ ካለፈ በኋላ።

በዚህ መሠረት ጥናቱ ወደ ውሳኔው ደርሷል። የሚያስፈልገው ሁለት ነው፤ ኪት ሌንሷና ሃምሳዋ። የቀሩት ሦስቱ ተወልውለው ይሸጣሉ፤ ገንዘቡም ለቡፌው እዳ ይውላል። ገምጋሚዋ ሰነዱን አንብበው፣ «ይሄን ለማወቅ አምስት ዓመት?» የሚል የጽሑፍ አስተያየት ከጎኑ ጨምረው አጽድቀዋል።

በዚያው ምሽት ስልክ ጮኸ። አክስት ናቸው።

«ልጄ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዘንድሮ እንኳ ዕቃ ቀሎልኛል። ሁለት ኪሎ ይተርፈኛል፤ ምን ላምጣልህ?»

ተጠኚው አጥኚውን አየው። ሁለቱም ገምጋሚዋን ላለማየት ተጠነቀቁ። ከ70 እስከ 200 የምትሄደው፣ ቀዳዳዋ ሰፊው፣ ያቺ ባለሙያዎቹ የሚይዟት፣ ብቻዋን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ናት፤ መከለያዋና ማቀፊያዋ ሲጨመር አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ቢመጣ ነው። ሦስት መቶ ግራም ይተርፋል።

ለገምጋሚዋ ሎሽን ታዘዘ።