ስለ ቂም አቋጣጠር የተደረገ መጠነኛ ጥናት

በአማርኛ የሚቋጠር ነገር ብዙ ነው። ገንዘብ በነጠላ ጫፍ፣ ስንቅ በአገልግል፣ ቂም በሆድ ይቋጠራል። የመጀመሪያው ገበያ ላይ ይፈታል፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ ይበላል። ሦስተኛው ለምን እንደሚቋጠር ለማወቅ ሲባል ይህ ጥናት ተካሂዷል።

ለመስክ ሥራው የተመረጡት የአጥኚው አክስት ናቸው። ከ7 ዓመት በፊት ጎረቤታቸው የቡና ሙቀጫቸውን ተውሳ፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣበት መለሰች። ሙቀጫው በሦስተኛው እጥበት ጠረኑን ለቀቀ። አክስት ግን «ግድ የለም፣ ሆድ ይፍጀው» አሉ። አጥኚው አባባሉን በጥንቃቄ መርምሮታል፤ የማን ሆድ እንደሆነ በግልጽ አልተነገረም። ይሁንና ከዚያ ወዲህ የጨጓራ መድኃኒት የሚገዙት አክስት እንጂ ጎረቤቲቱ አይደለችም።

ሌላም ወጪ አለ። ጎረቤቲቱ ዘንድ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲጠጣ፣ አክስት የቡናው ሽታ እንዳይገባባቸው መስኮት ዘግተው ብቻቸውን ያፈላሉ፤ ከአቦልም አያልፉም። በበሯ ላለማለፍ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በታችኛው መንገድ ዞረው ነው። (አጥኚው በሐምሌ አብሯቸው ሄዶ አንድ ጫማ ጭቃ ውስጥ አስቀርቷል።) በሒሳብ ዓይን ሲታይ ነገሩ ዕቁብ ነው፦ በየሳምንቱ ይጣላል፣ ዕጣው ግን አይወጣም። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ብቸኛው አባል አንድ ሰው ናቸው።

የውጭ ምሁራንም በዚህ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ ሚሺጋን በሚገኘው ሆፕ ኮሌጅ ሻርሎት ዊትቭሊየትና ባልደረቦቿ 71 ተማሪዎችን የበደላቸውን ሰው እንዲያስቡ አደረጉ። ተማሪዎቹ ቂማቸውን ሲያብሰለስሉ ቅንድባቸው ተኮማተረ፣ ልባቸው ፈጠነ፣ የደም ግፊታቸው ጨመረ። የበዳዮቹን ልብ የለካ የለም፤ በቦታው አልነበሩም። አክስት ይህ ሲነበብላቸው ግንባራቸውን እንደቋጠሩ አዳመጡና «ፈረንጅ ምን ያውቃል» አሉ።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ቤታቸው አይገባም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውንም ተረት አሳምረው ያውቁታል፤ የሚተርቱት ግን ጎረቤቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቅዳሴ ስትሄድ ባዩ ቁጥር ነው። ቂሙ ራሱ እስካሁን አንድም ቀን ጾሞ አያውቅም።

ለሚዛናዊነት ሲባል ጎረቤቲቱም ተጠይቃለች። «እትዬን ሐኪም ቡና የከለከላቸው መስሎኝ ነው» አለች፤ «እንዳላስጎመጃቸው ብዬ መጥራቱን ተውኩት።» ሙቀጫውን አታስታውሰውም።

አጥኚው ይህን ግኝት በደስታ እየሮጠ ለአክስቱ አቀረበ። አክስት ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ረስታዋለች?» አሉ በመጨረሻ። የነጭ ሽንኩርቱ ክስ በዚያው ቅጽበት ተዘጋ፤ በምትኩ የመርሳት ክስ ተከፈተ። ቀጥሎም «ለመሆኑ አንተን እሷ ቤት ማን ላከህ?» ብለው ጠየቁ። አጥኚው «ሳይንስ» ብሎ መመለሱ ስህተት ነበር።

ከዚያ ዕለት ወዲህ የአክስት ንግግር ለአጥኚው የሚደርሰው በታናሽ እህቱ በኩል ሆኗል። ትናንት እራት ላይ፣ ጨው ከአጥኚው ክርን ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ «ጨው ያቀብለኝ በይው» አሏት።