ጣራ ላይ የቀረ ፌሮ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው መርሳ ሲደርስ ዓይኑ ወደ ታች ነው፤ ወደ ብርቱካኑ፣ ወደ ማንጎው፣ ወደ ፓፓያው። መኪናው በቅጡ ሳይቆም መስኮት ሥር ፌስታል አንጠልጥለው የሚሻሙትን ሻጮች ትቶ ወደ ላይ የሚያንጋጥጥ መንገደኛ ከተገኘ፣ ወይ አንገቱን አሞታል ወይ የዚህ ወግ ጸሐፊ ነው።

ጸሐፊው የሚያየው ፌሮ ነው።

የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዛ የተዘረጋች ናት። እዚህ ጎዳና ዳር ከቆሙት ፎቆች የአንዱን መልክ ያየ የብዙዎቹን አየ። ምድር ቤቱ ያለቀለት ነው፤ ሱቅ ከሆነ የብረት መዝጊያ፣ ባንክ ከተከራየው ደግሞ መስታወት፣ ሴራሚክና የባንኩ ቀለም። አንደኛው ፎቅ ላይ ብሎኬቱ አልተለሰነም፤ ከመስኮቶቹ ግማሾቹ በቆርቆሮ ተዘግተዋል። ከዚያ በላይ ሶሌታው ተሞልቶ አልቋል። ከሶሌታው በላይ ደግሞ ከየኮለኑ አናት አራት አራት፣ ስድስት ስድስት እየሆነ አንድ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ የወጣ ፌሮ አለ። ዝጓል፤ ጫፉም ወደ ጎን ጎብጧል። ዓመት ቆይቶ የተመለሰ መንገደኛ እዚያው ያገኘዋል። ደግሞ የመርሳ ብቻ ነው እንዳይባል ሐይቅም፣ ውጫሌም፣ ውርጌሳም፣ ወልድያም ያው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጸሐፊው አንገቱ ስለሚደክም አይቆጥርም።

አብረውት የሚጓዙ ወዳጆቹ ነገሩ ሰልችቷቸዋል። «ይኸውልህ ሌላ ፌሮ» እያሉ ማንጎ ይጎርሳሉ። እሱ ግን ሊተወው አልቻለም። አንድ ጊዜ ከነዚህ ከተሞች በአንደኛው፣ ፎቃቸው ሥር ወንበር አውጥተው ጥላ የያዙ ሽማግሌ አገኘና ቀረብ ብሎ ጠየቀ።

«ሐጂ፣ ይቺ ፎቅ መቼ ነው የምታልቀው?»

«አልቃለች እኮ!»

«ላይዋ ላይ ያለው ፌሮስ?»

«እሱ የልጆቹ ነው።»

«ልጆቹ የት ናቸው?»

«ትልቁ ሪያድ ነው፤ እህቱ ቤይሩት። አብሽር፣ ይመጣሉ።»

ፌሮው የማን እንደሆነ በዚህ ታወቀ። ማን አስተከለው የሚለው ግን ገና ነው። ሐጂ እንደነገሩት ከሆነ እሳቸው የፈለጉት ጥሩ ምድር ቤት፣ ከጀርባው ጓሮ፣ ጓሮው ውስጥ የብርቱካን ዛፍ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ «ዋና መንገድ ዳር ነው፤ ከዚህን ያህል ፎቅ በታች አይፈቀድም» አላቸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ለከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ሰጥቷቸዋል፤ የሕንፃ ከፍታ የሚወሰነውም እዚያ ነው። በሊዝ ቦታ የያዘ ሰው ደግሞ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት እንደ ግንባታው መጠን ከ24 እስከ 48 ወር ባለው ጊዜ መጨረስ ነበረበት። ከፍታው የከተማው፣ ቀነ ገደቡ የአዋጁ፣ ገንዘቡ ግን የሐጂ ነው። ሦስቱ የተገናኙበት ቦታ ጣራው ላይ ቆሟል።

ፌሮው በሕንፃ ሕጉ ዓይን ምን እንደሆነ ማወቅ ሌላ ራስ ምታት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ10 ሺህ ነዋሪ ጀምሮ ላሉ ከተሞች የወጣ ነበር። ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ፦ «ሀ» ትንንሾቹ፣ «ለ» መካከለኞቹ፣ «ሐ» ደግሞ የሕዝብ መገልገያው፣ ተቋሙ፣ ፋብሪካውና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው። በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲኖር አደረገ፤ ሹሙ ፕላን ያጸድቃል፣ ፈቃድ ይሰጣል፣ ግንባታ ያስቆማል፣ አደገኛ የሆነውን ያስፈርሳል። እንግዲህ በፕላኑ «ሐ» የሆነ፣ በቁመናው «ለ» ላይ የደረሰ፣ በኪራይ ገቢው ከ«ሀ» ያልዘለለ ፎቅ የት ይመደብ? ጸሐፊው ይህን የጠየቀው አንድ ወጣት መሐንዲስ መልስ ከመስጠት ቡና ማዘዙን መረጠ።

ፌሮው እስከዚያው ሥራ አልፈታም። ልብስ ይሰጣበታል። ዲሽ ይታሰርበታል። የሮቶው ቧንቧ እንዳይወድቅ ይደገፍበታል። የመብራት ገመድ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ሲሻገር ፌሮው ላይ አንዴ ዞር ብሎ ያልፋል። ጠንቃቃ የሆነ ባለቤት ከየጫፉ ላይ የውኃ ፕላስቲክ ይደፋበታል፤ ልጆች ሲሮጡ ዓይናቸውን እንዳይወጋ። ፌራዮው ይህን ሲያይ ይስቃል፤ «ባይሆን ሲሚንቶ ቀለል አድርጋችሁ ቀቡት፣ ዝገት ይከላከላል» ይላል። እውነቱን ነው። ብረት ሲዝግ ከራሱ መጠን በላይ ያብጣል። ዝገቱ ወደ አርማታው ውስጥ ከዘለቀ ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ የሪያዱ ልጅ ተመልሶ ሁለተኛውን ፎቅ ልቀጥል ሲል፣ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይኼ ብረት ስንት ክረምት ደበደበው?» ብሎ ነው። ለልጆቹ የተባለው ውርስ ለልጆቹ ሳይደርስ ያረጃል ማለት ነው።

ጣራ ላይ ሕግ ማውጣት ደግሞ የዛሬ ነገር እንዳይመስል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው ጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ ነውና። ይህን ትእዛዝ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ባለፎቅ ሁሉ ሳያነበው አይቀርም፤ ባለ ሁለት ፎቅ ሰገነት ግን ያለ መከታ ክፍት ሆኖ ይከራያል። የባቢሎኑ ሐሙራቢ ከዚህም የከፋ ነበር። የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን የገደለ ግንበኛ ይሙት አለ። በዚያው ሕግ ቁጥር 233 ደግሞ ቤቱ ገና ሳያልቅ ግድግዳው ቢያዘነብል ግንበኛው በገዛ ገንዘቡ ያጠንክረው ይላል። ገና ያላለቀ ቤት! ይህ ሕግ የወጣው ከ3 ሺህ 700 ዓመት በፊት ነው፤ ያላለቀ ቤት ያኔም ከተማ ውስጥ የሚታይ ነገር ነበር ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን አንቀጽ ያገኘ ቀን ከሐሙራቢ ጋር የተገናኘ ያህል ደስ ብሎት ለወዳጆቹ ደውሎ አነበበላቸው። ሁለቱ ስብሰባ ላይ ነን አሉ።

እንግሊዞች ደግሞ በፈረንጆቹ 1696 በመስኮት ቁጥር ግብር አስከፈሉ። ሕዝቡ ምን አደረገ? መስኮቱን በጡብ ደፈነ። ግብሩ የተነሣው 1851 ላይ ነው፤ አንዳንዱ የተደፈነ መስኮት ግን እስከ ዛሬ እንደተደፈነ አለ። ግብፅ ውስጥም ጣራ ላይ ብረት የሚተወው ቤቱ አላለቀም ብሎ ግብር ለመሸሽ ነው የሚል ወሬ አለ። ጸሐፊው ይህን ለሐጂ ሲያጫውታቸው ተቆጡ። «እኔ ግብሬን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው» አሉና እውነትም አወጡት። ከ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 ጀምሮ የከተማ ቤት ግብር የሚያውቁ ሰው ናቸው። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስላጸደቀው የንብረት ታክስ ሲነሣባቸው ግን ደረሰኙን ወደ ኪሳቸው መልሰው ስለ ዝናብ ጠየቁ።

ጸሐፊውን እስከዚህ ድረስ ያሣቀው ነገር አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አያሥቀውም። በሌላ ከተማ፣ ከአንድ ባለ ፌሮ ፎቅ ጀርባ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ የሆኑ እናት አሉ። ቤቱ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱ ነው፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ያኔ ለቀበሌ ተሰጡ። ክረምት ሲገባ ጣራው ያፈስሳል። እናት ጥቂት ቆርቆሮ ለመቀየር አመለከቱ። ባለሙያ መጥቶ ይይ ተባለ። ባለሙያው መስክ ነው፤ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነው፤ ባለሙያው ተዛውሯል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወንድ ልጃቸው በአንድ ሌሊት ቆርቆሮውን ቀየረላቸው። በማግሥቱ፣ ገና ቡና ሳይፈላ፣ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች በር ላይ ቆመው «ያለ ፈቃድ ግንባታ» ብለው ጻፉ። ወራት ሙሉ የጠፋው ዓይን በአንድ ሌሊት በራ! የሚያስቆጣውም ይኼ ነው። ሰዎቹ ወደ እናት ቤት የገቡት በዚያ ፎቅ ሥር አልፈው ነው። ከጭንቅላታቸው በላይ በሚስማር የተያዘ የመወጣጫ ጣውላ ተንጠልጥሏል፣ ያልተለሰነ ብሎኬት ወደ መንገዱ አዘንብሏል፣ ፌሮው ጎብጧል። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ማዘጋጃ ቤት ገና ያልተሠራውን ፎቅ ከፍታ በሴንቲ ሜትር ያውቀዋል፤ የቆመው ሕንፃ ጤና ግን አጀንዳ ሆኖ አያውቅም።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል፣ ጉዳቱ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን። ቁጥር 2079 ደግሞ የሌላ ሰው ሕንፃ የሚያሠጋው ሰው ባለቤቱ አደጋውን እንዲያስወግድ መጠየቅ ይችላል ይላል። እናት ባለፎቁን በዚህ ቁጥር ቢጠይቁት ምን ይላቸዋል? ጎረቤት ናቸው፤ ለቅሶና ሠርግ አብረው ይውላሉ፤ ሲኒ ይዋዋሳሉ። እንዲህ ያለውን ነገር በጎረቤት ጫንቃ ላይ ሳይጥል የሚከታተል መሥሪያ ቤት ነበር የሚያስፈልገው። በዚያ ላይ መርሳም ወልድያም የተቀመጡት በአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በዚሁ ጠርዝ ላይ ወደ ደቡብ፣ ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷታል። መሬት ስትነቃነቅ ፎቁ አልቋል አላለቀም ብላ አትጠይቅም።

ጸሐፊው እዚህ ድረስ ተቆጥቶ ውኃ ጠጣ።

ከጠጣ በኋላ ነገሩ ትንሽ በረደለት። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስም ይታዘንለታል፤ በትንሽ ከተማ አንድ ባለሙያ ፕላን ያጸድቃል፣ ወሰን ይለካል፣ ክርክር ይዳኛል፣ ከዚያ ተርፎ ጣራ እያየ ሊዞር አይችልም። ባለፎቁም ይታዘንለታል። ከመቀሌ የሚመጣው የመሰቦ ሲሚንቶ የጫነ መኪና በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር በዚህ ጎዳና ማለፉን ተወ። ወልድያ ራሷ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ነበረች፤ ያኔ ሰው ያለቀውንም ያላለቀውንም ቤት ጥሎ ሄዷል። ከዚያ የሲሚንቶ ዋጋ ተሰቀለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና የብረትም ዋጋ አብሮ ሄደ። ሐጂ ያን ፌሮ ሲያስተክሉ የከፈሉትን ዋጋ ሲናገሩ እንደ ድሮ ሠርግ ነው፤ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ዛሬ ቆርጦ መጣል ማለት በዛሬ ዋጋ መጣል ነው። በዛሬ ዋጋ የሚጥል ደግሞ ማን አለ?

በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ፊታቸውን ቀለም ተቀቡ፣ አጥርና ማስታወቂያቸው ተስተካከለ። ይህን የሰሙ ሐጂ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ጀርባውንስ ቀቡት?» ጸሐፊው አላየም። «እንግዲያ የእኔንም ፊቱን ብቻ ቢቀቡልኝ አልቀየምም፤ ላዩን ይተውልኝ።» ቀጥለውም ምድር ቤታቸውን ስለተከራየው ባንክ ማማረር ጀመሩ። ኪራዩን በወቅቱ ይከፍላል፣ ችግሩ ደረጃው ነው። ያንን የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ደረጃ ላይ ያነጠፉት ለምንድን ነው? ዝናብ ሲጥል ገንዘብ ሊያስቀምጥ የመጣ ገበሬ ሁሉ ይንሸራተታል፤ ባለፈው እሳቸውም ለትንሽ ተርፈዋል። ጥበቃው ካርቶን እየዘረጋ ነው የሚያሻግረው። ይኼ ነገር በሕንፃ ሕግ ውስጥ የለም ወይ? «ሀ» ነው «ለ»? ጸሐፊው ደረጃውን ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰውና እውነትም ያንሸራትታል አለ፤ ሁለቱ ስለዚህ ደረጃ ማመልከቻ ማን ዘንድ እንደሚገባ ሲከራከሩ የወልድያው መኪና ጥሩንባ ነፋ።