ጥርሱ ያለቀ ምስክር

«ኪሎ ሜትሩ አይሠራም እንጂ መኪናው ጤነኛ ነው» አለኝ ሾፌሩ። ጣርማ በርን ትተን በመዘዞ ወደ ሞላሌ እየገሰገስን ነው፤ እኔ ጋቢና ተቀምጬ መርፌው ከ20 ወደ 60፣ ከ60 ወደ ዜሮ ሲዘል አያለሁ።

ምስክሩ ይዋሻል እንጂ ክርክሩ ንጹሕ ነው በለኛ! አያት የጀመረውን የርስት ሙግት የልጅ ልጅ በሚጨርስበት በመንዝ ምድር ይህን የሚቀበል ዳኛ ካገኘህ እኔም አፌን እይዛለሁ።

«ኧረ ተወኝ! ፍጥነቱን በጆሮዬ አውቀዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ነድቻለሁ።»

ጆሮህን አልናቅሁትም። ሞተር ሲያቃስት ቀድሞ የሚሰማ ጆሮ ብዙ ሰው አትርፏል። ግን ጆሮህ የለመደው ዲፍረንሻሉ ሳይለወጥ የነበረውን መኪና ነው። ዲፍረንሻል ሲለወጥ ያው የሞተር ድምፅ ሌላ ፍጥነት ይሆናል። ዓይኔ አለ ካልከኝም ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ እንነጋገር። ዳር ዳሩን የሚሸሸው ድንጋይና ዛፍ ሲሰወር ዓይን ፍጥነትን አሳስቶ ሊገምት ይችላል፤ 40 የመሰለህ 50 ሊሆን ይችላል። መርፌው የተሠራው ለዚያች ሰዓት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ያንተው ዜሮ ላይ ተኝቷል።

«ይሄ እኮ ቅጥቅጥ ነው። በተቀየረ መኪና ኪሎ ሜትሩን ማን ያየዋል?»

የተቀየረ ስለሆነማ ነው መታየት ያለበት! በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች፤ መኪናህም ዘሯን ስትጠየቅ ግማሹን ትደብቃለች። ሻንሲዋ የጭነት አይሱዙ ነው፣ ገላዋ እዚሁ አገር ተቀጥቅጦ የተገጠመ ነው፣ ካምቢዮዋ ከሌላ መኪና መጥቷል፣ ጎማዋ ከፍ ብሏል። ፋብሪካው ግን መርፌውን ያስማማው ከአንድ ዓይነት ጎማና ከአንድ ዓይነት ዲፍረንሻል ጋር ነበር። ሁሉን ቀይረህ እሱን ስትተወው፣ ስለማያውቀው ጉዳይ መስክር አልከው።

አሠራሩን ላስረዳህ፣ ረቂቅ ነገር የለውም። ከካምቢዮው ወደ ዲፍረንሻል በሚወጣው ዘንግ ላይ አንድ ማርሽ አለ። እሱ አውራ ጣት የምታክል ፒኞን ያሽከረክራል፤ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ናት። ፒኞኗ ካቦ የሚባለውን የሽቦ ዘንግ ታዞራለች፣ ካቦው መርፌው ወዳለበት ጌጅ ይወጣል። በብዙ የጃፓን መኪኖች ካቦው በየኪሎ ሜትሩ 637 ጊዜ እንዲዞር ተደርጎ ነው የተሠራው። ላይ ሲደርስ ማግኔት ያሽከረክራል፤ ማግኔቱ ሳይነካት አንዲት የአሉሚኒየም ስኒ ይጎትታል፤ መርፌው ከስኒዋ ጋር ይዞራል፤ ቀጭን ስፕሪንግ ደግሞ ወደ ኋላ ይስበዋል። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትሰ ይህን በፈረንጆች 1902 በስሙ አስመዝግቦታል፣ እስከ ዛሬም በብዙ የድሮ መኪኖች ያገለግላል። ሆኖም ላይ ያለው የሚናገረው ታች ያለችው የነገረችውን ብቻ ነው። የፒኞኗ ጥርስ ሲሸረፍ መርፌው ይዘላል፤ ጥርሷ ተልጦ ሲያልቅ መርፌው ዜሮ ላይ ይጋደማል።

መዝለሉስ ደግ ነው፤ ቢያንስ መታመሙን ይናገራል። የምፈራው ሳይዘል ረግቶ የሚዋሸውን ነው። ጎማ ከ7.00-16 ወደ 7.50-16 ሲወጣ ዙሪያው በመቶ ሦስት አራት ይጨምራል። በዚያ ላይ ፈጠን ያለ ዲፍረንሻል ሲገባ ጌጁ በመቶ አሥር ቢሳሳት አይገርምም። መርፌው 50 ሲል አንተ 55 ላይ ነህ ማለት ነው።

«አምስት ኪሎ ሜትር ምን ታመጣለች?»

ፍሬንህን ጠይቀው! ፍሬን የሚሸከመው ጉልበት የሚያድገው ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ነው። ከ50 ወደ 55 ስትወጣ ፍሬኑ ላይ በመቶ 21 ጫንክበት። ይህን ጭነህ ከለሚ አፋፍ ወደ ጀማ ሸለቆ ውረድ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ጥምዝ በጥምዝ ላይ፣ ዓለም ከተማ ገና ማዶ ናት። በዚያ ወደ መርሐቤቴ የሚገባ ሁሉ ያንን ገደል ያውቀዋል። ከኋላህ በግ ሽጣ የምትመለስ እናት አለች፣ ወደ ሐኪም ቤት የምትሄድ ወላድ አለች። አምስቷ ኪሎ ሜትር ምን እንደምታመጣ ለእነሱ ንገራቸው እስቲ!

የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 በዚህ ነገር ቁርጥ ያለ ነው። ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት ትንሽ አስበልጦ ቢያሳይ ይፈቅድለታል፣ አሳንሶ እንዲያሳይ ግን በፍጹም አይፈቅድለትም። ሲያበዛ ዘግይተህ ትደርሳለህ፤ ሲያሳንስ አትደርስም።

አሁን ደግሞ ባለንብረቱ ተቆጡ። «እኔ መኪናዬን እንከባከባለሁ! ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ!»

ጌታዬ፣ 5,000ውን ማን ቆጠረልዎት? ፍጥነቱን የሚናገረውም ኪሎ ሜትሩን የሚቆጥረውም ያችው አንዲት ፒኞን ናት። እሷ ስትንሸራተት መንገዱ ይረዝማል፣ ቁጥሩ ያጥራል፣ ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ ይጠቁራል። ለፒኞን የነፈጉትን ብር ሞተር ለማደስ እጥፍ ድርብ አድርገው ይከፍሉታል።

«ቦሎ እኮ ተለጥፎበታል!»

ቦሎው የተለጠፈው መስታወት ላይ ነው፣ ፒኞኗ ያለችው ካምቢዮ ውስጥ። የተሽከርካሪ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ምርመራ ያዘዘው ለተሳፋሪው ነፍስ ብሎ ነው፤ ቦሎው የሚመሰክረው ደግሞ ስለተመረመረበት ቀን ነው። ጥርስ የሚያልቀው በቀሩት ቀናት ነው።

መካኒኩም አልቀረም። «አዲስ ፒኞን አስገብቼለት ነበር፤ ወር ሳይሞላው በላት።»

ማን እንደበላትስ አየህ ወይ? ካቦውን ነቅለህ በእጅህ አዙረው። ከጠጠረ ገዳዩ እሱ ነው፤ ደርቋል ወይም ታጥፏል፤ ብረቱ አልዞርም ሲል የፕላስቲኳ ጥርስ ይሰበራል። ካቦው ከለሰለሰ ዘንጉ ላይ ያለውን ማርሽ ተመልከት፤ በተበላ ማርሽ ላይ አዲስ ፒኞን ማስገባት ለጅብ ጠቦት ማቅረብ ነው። የዘይት ማገጃ ጎማዋንም አብረህ ቀይር፤ እሷ ካረጀች የካምቢዮው ዘይት በካቦው ላይ ወጥቶ ጌጁን ያጨቀየዋል።

ከሁሉ በላይ ጥርስ ቁጠር! ከመለዋወጫ ሰፈሩ ከሶማሌ ተራ «የአይሱዙ ነው» ተብሎ የመጣ ሁሉ ለዚህች መኪና አይሆንም። ሒሳቡ አጭር ነው፦ የድሮውን የፒኞን ጥርስ ቁጥር ጌጁ በሚያሳየው ፍጥነት አባዛው፣ ለእውነተኛው ፍጥነት አካፍለው። ጌጁ 50 ሲል እውነቱ 55 ከሆነና ፒኞኗ 22 ጥርስ ካላት፣ የምትፈልገው ባለ 20 ጥርስ ነው። ጥርስ ሲቀንስ ፒኞኗ ትፈጥናለች፣ መርፌውም ወደ እውነቱ ከፍ ይላል።

«እውነተኛውን ፍጥነት ከየት አመጣለሁ?»

ከኪስህ! ስልክህ ፍጥነትን የሚያነበው ከሳተላይት ነው፤ ጓሳ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋም ያነባል። ስልክ ከሌለህ ርቀቱ የተለካ አንድ ኪሎ ሜትር ሜዳ ፈልግ፤ መርፌውን አንድ ቦታ ላይ አጽንተህ ንዳ፣ ረዳቱ በሰዓት ይያዝልህ። 3,600ን ለሰከንዱ ስታካፍል ፍጥነትህን ታገኛለህ፦ 72 ሰከንድ ከፈጀብህ 50 ነው፣ 90 ከሆነ 40።

አዎ፣ መኪና መቀየር ነውር አይደለም። ለግሼ ዳገት ጎማውን ከፍ ያደረገ፣ ከጭነት መኪና አውቶቡስ የቀጠቀጠ እጅ የሚመሰገን እጅ ነው፤ ያ እጅ ባይኖር ስንት ቀበሌ ገበያውን በእግሩ በወጣ ነበር። ታዲያ ያን ሁሉ ብረት የቀጠቀጠ እጅ አንዲት ፒኞን ሳይቀይር ለምን ይወርዳል?

ተሳፋሪዎችም ዝም አትበሉ። ጋቢና የተቀመጣችሁ መርፌውን እዩት፤ ዜሮ ላይ ተኝቶ መኪናው ከበረረ «ቀስ በል» ለማለት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። አንተም ወንድሜ፣ ወደ ራቤል ከመውጣትህ በፊት ደብረ ብርሃን ተመልሰህ ፒኞኗን አስፈታት። የግማሽ ቀን ሥራ አይሞላም።