ጀርባን ለታሪክ፣ ፊትን ለስልክ

ነሐሴ ላይ ሚዛን ተፈሪ እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ሰው፣ ባለቡናችንና ሚስታቸው ለምን ሮም እንደሚሄዱ አይጠይቅም። ዝናቡ ያሰለቻል፣ ጭቃው ጫማ ይበላል፣ አየሩ ደግሞ ሲበዛ ይስማማል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙትን ይዘው አውሮጳ ይገቡና፣ እኩለ ቀን ላይ ዛፍ በሌለበት አደባባይ ተሰልፈው ይቀቀላሉ። ያደገ ሰው የሚዝናናው እንዲህ ነው። የሮም ሰው ራሱ ግን ይህ ሥልጣኔ ገና አልገባውም፤ ነሐሴ 9 ቀን፣ ፌራጎስቶ የሚሉት በዓላቸው ሲደርስ፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ ባሕር ይሸሻል። ከተማዋን የሚጠብቁለት የእኛ ባልና ሚስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፎቶ የሚነሳው ከዋናው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ነው። አደባባዩ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የጨረሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ጣልያን ሐዘኗን በአደባባይ ስም አኑራለች፤ የእኛዎቹ ሻንጣቸውን እዚያው አቁመው፣ ሁለት ጣት አውጥተው ይስቃሉ። «አባቱ፣ ጠቁሬ ወጣሁ፣ ድገመው» ይላሉ እመቤቲቱ። ይደገማል። ዶጋሊም ቢሆን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ ተደግሟል፤ ያን ጊዜ ግን ስልክ ስላልነበረ ማስረጃ የለም።

ከዚያ ኮሎሲየም። ኮሎሲየምን ማየት አያስፈልግም፤ ከኋላ መኖሩ ይበቃል። ባለቡናው ሕንፃውን የሚያዩት ማታ ሆቴል ገብተው፣ ካልሲያቸውን አውልቀው፣ ፎቶውን ሲያሰፉት ነው። ፓንቴዎን መግቢያው በክፍያ ሆኗል፤ ነፃ በነበረበት ጊዜ አለመምጣታቸው እግዜር ሲረዳቸው ነው፣ በነፃ የታየ ነገር ሚዛን ላይ ምን ተብሎ ይወራል? የስፔን ደረጃዎች የሚባሉት ዘንድ ደግሞ መቀመጥ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክልክል ነው፤ የደከመው ሰው አረፍ ቢል እስከ 400 ዩሮ ይቀጣል። ደረጃ ሠርቶ መቀመጥ መከልከል! የእኛ አገር ሹማምንት ይህን ሳይሰሙ ቢቀሩ ይሻላል።

ከኮሎሲየም ብዙም ሳይርቅ፣ የፋኦ መሥሪያ ቤት አጠገብ፣ ባልና ሚስቱ አይስክሬማቸው ክንዳቸው ላይ እየፈሰሰ የሚያልፉት ቦታ አለ። ሕንፃው የተጀመረው ለጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ ነው፤ ፊት ለፊቱ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ከስልሳ ዓመት በላይ የአክሱም ሐውልት ቆሞበታል። እዚህ ፎቶ የለም። ምን ብለው ይነሱ? ሐውልቱ እንደሆነ በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተቆርጦ በአንቶኖቭ አገሩ ገብቷል። 160 ቶን ያህል የሚመዝን ድንጋይ ከሮም ሲወጣ ያልገጠመው ጣጣ እመቤቲቱን ለጥቂት ኪሎ ሽቶና ጫማ አውሮፕላን ማረፊያ ይጠብቃቸዋል።

ቡና መጠጣትም አለ። ባለቡናው እዚህ የሚጠጡት ቆመው ነው፤ ከተቀመጡ ሒሳቡ ይንራል። እንደ አውራ ጣት ባለች ስኒ የመጣላቸውን አንድ ጉንጭ ኤስፕሬሶ ቀምሰው «ይሄ ነው ቡና!» ይላሉ፤ የገዛ ጓሯቸው ቡና ሦስተኛ ሳይደርስ እንግዳ ቢነሳ የሚቀየሙ ሰው። በርግጥ ቡናችን ከእኛ ቀድሞ ነው ሽርሽር የወጣው። የእኛው ማጂ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ የጌሻ ቡና ዘር ከዚሁ ምድር ወጥቶ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ኮስታሪካ፣ ከዚያም ፓናማ ገባ። በ1996 ዓ.ም. ፓናማ ላይ በጨረታ ቀርቦ ፓውንዱ 21 ዶላር ሲያወጣ የዓለም ገበያ አፉን ያዘ። ከአካባቢያችን ውጭ አገር ሄዶ የተከበረ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሱም ፎቶ አልተነሳም።

ትሬቪ ፏፏቴ ላይ ጀርባ ሰጥቶ ሳንቲም የወረወረ ሮምን ዳግም ያያታል ይባላል። ባለቡናው ጀርባ መስጠቱን ከጠዋት ጀምሮ ስለተለማመዱት አልከበዳቸውም፤ ወረወሩ። ፏፏቴው ምናልባት የአውሮጳ ኅብረትን አላማከረም። ኅብረቱ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ከልክሏል፤ ማመልከቻው የሚታይበትንም ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 አርዝሞታል፤ ምክንያቱ መንግሥታችን ያለፈቃድ የተቀመጡትን ዜጎቹን ለመቀበል አልተባበረም የሚል ነው። የተወረወረው ሳንቲም ተለቅሞ ለድሆች መርጃ ይውላል፤ ቢያንስ አንድ ሰው ተጠቅሟል።

«ለምን ማጂን አያዩም?» የሚል የዋህ አይጠፋም። ማጂ ምን አለውና! የበበቃን የቡና እርሻ አልፎ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ ተራራ ላይ የተሰቀለ ብርዳም ከተማ ነው። የዲዚ ባላባቶች አገር ነበር፤ የባሪያና የዝሆን ጥርስ ነጋዴ አራቁቶታል፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ዳርሊ በ1926 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳትሟል። ታሪክ ነው እንዳይባል ትኬት የለውም። ሰልፍ የለውም። የተቀመጠን የሚቀጣ የለውም። አጥር ተደርጎለት ወረቀት ያልተቆረጠለት መከራ እንዴት ይጎበኛል? ደግሞ አንድ የማጂ ሽማግሌ ፊት ስልክ ዘርግተው ጀርባ ቢሰጡ፣ ሰውየው እንደ ኮሎሲየም ዝም አይሉም፤ «ልጄ፣ ዞር በል እንጂ» ይላሉ። ማን ለዚህ ብሎ ይለፋል?

ባልና ሚስቱ ተመልሰዋል። ፊታቸው ተልጧል፣ ጤናቸው ግን ደህና ነው። ፎቶውን ያየ ጎረቤት ሁሉ የጠየቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ፈጀባችሁ?» ለእሱ አጥጋቢ መልስ አላቸው። ለመጪው ነሐሴ ፓሪስ ታስቧል፤ ባለቡናው ቁመታቸው ስለሚያጥር ኤፍል ማማ ከነጫፉ እንዲገባ ረጅም የፎቶ ዘንግ አዝዘዋል።