ከዘነበወርቅ አየር ጤና፣ በስዊዘርላንድ በኩል

እኔ የምለው፣ ከዘነበወርቅ አየር ጤና ለመድረስ የእንግሊዝ ሕግ ምን ቤት ነው? የስዊዘርላንዱስ? ድሮ መንገድ የሚጠየቀው ሰው ነበር። "አለርትን እለፍ፣ ከወፍጮ ቤቱ ታጠፍ፣ እዚያ ደርሰህ ደግሞ ጠይቅ" ይሉሃል፣ ትደርሳለህ። ዛሬ የልጅ ልጄ "አባባ፣ ቆይ አፑ ያሳይዎት" ይለኝና ስልኩን ይደቅንብኛል። የብስክሌት ምልክቱን ሲነካ አፑ ወደ ቀለበት መንገዱ አወጣኝ፤ ከገልባጭ መኪና ጋር ትከሻ ለትከሻ። "ሌላ አማራጭ" ሲለው ደግሞ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ኮብልስቶን እንደ እባብ ሸሽቶ ሰፈሩን ሁሉ አዞረኝ።

ዕድሜዬን መንገድ ስቀይስ የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጁን አስቀምጬ "ይኼ ነገር ከምን ተነስቶ ነው እንዲህ የሚለው?" ብዬ ጠየቅኩት። ነገሩ ወዲህ ነው። ብዙዎቹ የብስክሌት አፖች የሚጠቀሙበት ኦፕንስትሪትማፕ የሚባለው ካርታ በፈረንጆቹ 2004 እንግሊዝ አገር ተጀመረ። የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ መንገድ "ታግ" የሚሉትን መለያ ይለጥፉለታል። ትራንክ፣ ፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ የሚለው ደረጃ የተቀዳው ከእንግሊዞቹ የመንገድ አመዳደብ ነው። እንግዲህ እንግሊዝ አገር፣ ክልክል የሚል ምልክት እስካልተተከለ ድረስ፣ ትራንክ ላይ ብስክሌት መንዳት ይቻላል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ትራንክ የሚሉት የመኪና ብቻ የሆነውን ነው፤ ብስክሌት ይዞ የገባ ሰው ፖሊስ ይጠብቀዋል። አፍሪካ ላይ ደግሞ ደረጃው የሚሰጠው በመንገዱ አስፈላጊነት እንጂ በአስፋልቱ አይደለም ተብሎ ስለተስማሙ፣ አቧራው የሚያንቀው ፒስታም ትራንክ ሊባል ይችላል። አንድ ስም፣ ሦስት ሕግ! ብስክሌት ይፈቀዳል ወይም አይፈቀድም ብሎ ለይቶ የጻፈለት ሰው ከሌለ፣ አፑ ፈጣሪው የሞላለትን ግምት ይዞ ይፈርዳል። እኔን ወደ ገልባጩ የላከኝ ይኼ ግምት ነው።

የፈረስ መንገዱ ነገር ደግሞ ይብሳል። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1968 ባወጡት ሕግ፣ ለፈረስ በተከለለ መንገድ ላይ ብስክሌትም ይለፍ አሉ። ጀርመኖች በፈረስ መንገዳቸው ላይ ከፈረሰኛ በቀር ማንንም አያሳልፉም። እኛ ጋ አህያ የማያልፍበት መንገድ ካለ ንገሩኝና በየትኛው እንደምንዳኝ እናያለን።

ኮብልስቶኑ ግን አንጀቴን ነው ያቃጠለው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ድሬዳዋ ላይ በጀርመኖች እገዛ ተጀመረና ወደ አዲስ አበባም ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። ወጣቶቻችን ድንጋዩን በመዶሻ እየጠረቡ፣ አሸዋ ላይ እየደረደሩ፣ በየመሃሉ አሸዋ እየጠረጉ ጭቃውን አስረሱን። የእኛ ሰፈሩ፣ ቧንቧ ቀባሪ ነቅሎት የተወው ጋ ካልሆነ በቀር፣ ለብስክሌት ደህና ነው። አሁን ስሙ። ኦኤስአርኤም የሚባለው አቅጣጫ አውጪ ፕሮግራም የተወለደው ጀርመን፣ ካርልስሩኸ ከተማ ነው። የብስክሌት አያት የሆነውን ባለሁለት እግር ፈጠራ በፈረንጆቹ 1817 የነዳው ካርል ድራይስም የዚያው ከተማ ልጅ ነው። ይኼው ፕሮግራም ኮብልስቶን የሚል ታግ ሲያይ የብስክሌቱን ፍጥነት ከአስፋልቱ ከግማሽ በታች ያወርደዋል። በአእምሮው ያለው የአውሮፓ የጥንት ድቡልቡል ድንጋይ ነዋ! ለተጠረበው ድንጋይ "ሴት" (sett) የሚል ሌላ ታግ አለ፣ እሱ ትንሽ ይሻላል። የእኛ ልጅ ግን ሰፈሩ በሚጠራበት ስም ይጽፈዋል፣ ምን ያድርግ? ጀርመን ድንጋይ መደርደር አስተማረን፤ ከጀርመን የመጣ ፕሮግራም ደግሞ አልነዳበትም አለን።

ድልድዩን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ነው። ቀለበት መንገዱን ለመሻገር የእግረኛ ድልድይ አለ፣ ደረጃ አለው። ካርታው ላይ ደረጃ መሆኑ ካልተጻፈ ስልኩ "ቀጥ ብለህ ሂድ" ይላል። ቀጥ ብዬ ሄድኩ። የኔን የቻይና ብስክሌት የሚያውቅ ያውቃታል፤ ወገብ እንጂ ጉልበት ብቻ አይበቃትም። ባሯ ትከሻዬ ላይ፣ ፔዳሏ ጎኔን እየወጋኝ፣ ግማሽ ላይ ቆሜ ስተነፍስ አንድ ጎረምሳ "ጋሼ፣ ስፖርት ነው?" አለኝ። አዎ ልጄ፣ ስፖርት ነው።

እኛ ብቻ ነን እንዳትሉ። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 2007 የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤታቸውን የመንገድ መረጃ እንዳለ ካርታው ላይ ሲያፈሱት፣ የገጠሩ መንገድ ሁሉ "የመኖሪያ ሰፈር መንገድ" ተብሎ ቁጭ አለ። ብስክሌተኛው ጸጥ ያለ ሰፈር መስሎት ሲሄድ ራሱን የጠጠር መንገድ ላይ፣ አንዳንዴም የሰው ግቢ ውስጥ ያገኘዋል። ሀብታም አገርም ይሳሳታል፤ ደስ አይልም ግን ያጽናናል።

እኛ እኮ ለብስክሌት ባዕድ አይደለንም። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ በመጀመሪያው ኦሎምፒካችን፣ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ብስክሌት ነድተውልናል። ባሕር ዳር ዛሬም በብስክሌት ሥራ የሚገባ ሞልቷል። ከተማችንም ከለቡ ጀሞ የብስክሌት መስመር በመሥራት ጀምራ፣ አሁን በኮሪደር ልማቱ በየቦታው እየዘረጋች ነው። ይኼ መልካም። ነገር ግን መሬት ላይ የተሠራው መስመር ካርታው ላይ ካልገባ ስልኩ እንደሌለ ይቆጥረዋል፣ እኔንም ወደ ገልባጩ ይመልሰኛል።

ስለዚህ ልጆች፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ካቀረቀራችሁ አይቀር፣ በየሰፈራችሁ ውጡና እዩ። ድንጋዩ የተጠረበ ነው ወይስ ሻካራ? ድልድዩ ደረጃ አለው ወይስ መወጣጫ? ብስክሌት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ያያችሁትን ካርታው ላይ ጻፉ። ገንዘብ አይጠየቅም፣ የድጋፍ ደብዳቤ አይጠየቅም፣ ነገ ተመለሱ የሚል ጸሐፊ የለበትም። ሰበብ የላችሁም።