ጓሮዎን ባዶ የሚያስቀር ዘር እንዴት ይገዛል?

የጓሮ አትክልት ለማበላሸት ሰዎች ያለ ነገር ይደክማሉ። አንዱ ውኃ ማጠጣት ይተዋል፣ ሌላው የጎረቤት ዶሮ ይለቅበታል፣ ቀሪው መደቡን ሳይኮተኩት ክረምቱ ያልፋል። ይህ ሁሉ ትርፍ ልፋት ነው። ገና ዘሩን ሲገዙ በቅጡ ከተሳሳቱ የቀረውን ዘሩ ራሱ ይጨርስልዎታል፤ ጠዋትና ማታ ቢያጠጡ፣ ፍግ በኬሻ እያስጫኑ ቢያመጡ የሚለወጥ ነገር የለም። ከጦር ኃይሎች እስከ ቤቴል፣ ከአጣና ተራ እስከ ሚኪሊላንድ፣ ትንሽ ጓሮም ሆነ አንዲት የኮንዶሚኒየም በረንዳ ያለዎት የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ ከሆኑ ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። ነባር ዘር፣ ኦርጋኒክ ዘር የሚባል ነገር ሰምተው ልብዎ ከተነሣሣ ደግሞ ይበልጥ ለእርስዎ ነው። ብዙ አውጥቶ ብዙ መክሰር የሚችለው እንዲህ ያለ ሰው ነውና።

ከሱቁ እንጀምር። ኮልፌ የመርካቶ ጎረቤት መሆኗ ዕድል ነው፤ ታክሲ ይዞ ወረድ ማለት ብቻ ነው። እዚያ ሲደርሱ ዘሩን መስኮት ላይ የደረደረ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚገባበት ሱቅ ይምረጡ። ዘር የሚወደው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ነው። የዘር ባለሙያዎች እንደሚሉት በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የተቀመጠበት ቦታ በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀዘቀዘ ቁጥር ዕድሜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። እርስዎ ግን የሚፈልጉት ተቃራኒውን ስለሆነ ፓኬቱ በፀሐይ ነጥቶ ቲማቲሙ ሮዝ፣ ካሮቱ ቢጫ የመሰለበት ቤት ሲያገኙ አይለፉት።

ከዚህ የተሻለው ደግሞ ከተከፈተ ቆርቆሮ መግዛት ነው። ቆርቆሮው ከፋብሪካ ሲወጣ አየር እንዳይገባው ታሽጎ ነበር። ባለሱቁ ግን ሩኅሩኅ ነውና ክረምት ሳይል በጋ ክዳኑን እያነሣ፣ በሻይ ማንኪያ እየለካ፣ በላስቲክ ቋጥሮ ይሰጥዎታል። የዝርያው ስም፣ የተመረተበት ጊዜ፣ የመብቀል አቅሙ በመቶኛ፣ ሁሉም ቆርቆሮው ላይ ቀርቷል። እርስዎ ይዘውት የሚወጡት ቋጠሮውን ነው። ቤት ደርሰው ከሦስቱ ቋጠሮ የትኛው ጥቅል ጎመን፣ የትኛው የአበባ ጎመን፣ የትኛው ሰናፍጭ እንደሆነ መለየት ካቃተዎት ምክሬ መሥራት ጀምሯል ማለት ነው።

ጥያቄ መጠየቅ ካለብዎት አንድ ብቻ ይጠይቁ፤ “ይሄ የአገር ዘር ነው?” ይበሉ። “አዎ ጋሼ፣ ኦሪጅናል የሆላንድ ነው” ከተባሉ ትክክለኛው ቤት ገብተዋል፤ ይክፈሉ።

ቀን የተጻፈበት ፓኬት እጅዎ ከገባ ደግሞ አይደንግጡ፤ ባለን የዘመን አቆጣጠር ይጠቀሙበት። በፈረንጆቹ 2022 ላይ ያበቃለት ዘር በእኛ 2022 ዓ.ም. እስኪገባ የሰባትና የስምንት ዓመት ዕድሜ ይመረቅለታል። በተለይ የሽንኩርት ዘር ሲሆን ይህን ስሌት አጥብቀው ይያዙ። የቲማቲም ዘር በደህና ቦታ ከተቀመጠ አራትና አምስት ዓመት ይቆያል፤ የሽንኩርት ዘር ግን አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ልቡ ይደክማል።

አሁን ወደ ፓኬቱ ፎቶ። የፓኬቱን ፊት በደንብ ይመልከቱ እንጂ ጀርባውን አያዙሩ። የግድ ካዞሩና “ኤፍ ዋን” የሚል ካዩ አንደኛ ደረጃ ማለት ነው ብለው ይረዱት። ድቅል ዘር ነው፣ ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ነው የሚል ሰው ካጋጠመዎት ምቀኛ ነው። ይግዙትና ይዝሩት፤ የመጀመሪያው ዓመት ያምራል፣ ፍሬው አንድ ዓይነት፣ እኩል እኩል። ከዚያ በቁጠባ ስሜት ከበሰለው ፍሬ ዘር አውጥተው ለከርሞ ያስቀምጡ። በዓመቱ አንዱ ችግኝ አያቱን፣ አንዱ ቅድመ አያቱን፣ አንዱ ማንንም የማይመስል ሆኖ ይወጣል። ዘር ከልጓም ይስባል የተባለው እዚህ ጓሮ ውስጥ ይፈጸማል። ድቅል ዘር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለገበያ የሚያመርት ገበሬ ሒሳቡን ሠርቶ በየዓመቱ ይገዛዋል። የዚህ ምክር ጀግና ድቅል ዘር ገዝቶ “የአያት ዘር አስቀመጥኩ” የሚለው ሰው ነው።

እግረ መንገድዎን ከአንዳንድ ስሞች ይጠንቀቁ። ከመልካሳ ምርምር የወጡት መልካሾላና መልካሳልሳ የሚባሉ ቲማቲሞች፣ ማረቆ ፋና የሚባለው በርበሬ፣ ሮማ ቪኤፍ እየተባለ የሚሸጠው ቲማቲም ድቅል አይደሉም። ከእነዚህ አንዱን ገዝተው ዘሩን ቢያስቀምጡ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ መልሰው የማግኘት አደጋ አለ። ኮፐንሀገን ማርኬት የሚባለው ጥቅል ጎመን ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የዴንማርክ ነባር ዝርያ ነው። ነባር ነው ብለው ግን ዘሩን ከጓሮዎ ለመልቀም ይቀመጡ፤ ጥቅል ጎመን ለማበብ ሳምንታት የሚዘልቅ ብርቱ ብርድ ይፈልጋል። የኮልፌ ብርድ ለእኛ እንጂ ለእሱ በቂ አይደለም።

“ኦርጋኒክ” የሚለውን ቃል በተመለከተ ባለሱቁን ማስቸገር ተገቢ አይደለም። “መቶ በመቶ” ይልዎታል፤ እርስዎም ደስ ይልዎታል። አገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ያላት መሆኑን፣ አንድ ዘር ኦርጋኒክ የሚባለው እናት ተክሉ እንዴት እንዳደገ አይቶ የሚያረጋግጥ አካል ሲኖር መሆኑን አያንሡበት። ዘሩ ደማቅ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከሆነ እንዴት ያምራል ብለው ያድንቁ። ቀለሙ የሚቀባው ዘሩ በፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ መሆኑ እንዲታወቅና ሰው ወይም ዶሮ እንዳይበላው ነው፤ ይህን ግን ማን ጠየቀዎት? ኦርጋኒኩን በሮዝ ይውሰዱ። ቤት ሲደርሱም ለዘሩ የሚመጥን ውኃ ከትንሹ አቃቂ በባልዲ ይቅዱለት። ወንዙ የምዕራብ አዲስ አበባን የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው። በአቃቂ ውኃ የሚለሙ አትክልቶችን የመረመሩ ሰዎች ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ እንዳገኙባቸው ደጋግመው ጽፈዋል። ማዕድን ለሰውነት ይጠቅማል ሲባል ሰምተው የለ?

ገንዘብ ያለው፣ ወይም ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ግን ከመርካቶ በላይ መሄድ አለበት። አሜሪካ ያለችው እኅትዎ ለበዓል ስትመጣ ነባር የሽንኩርት ዘር እንድታመጣልዎ ይጠይቋት፤ በተለይ ከዋሽንግተን ግዛት ዋላ ዋላ የሚባለውን። ታሪክ ያለው ሽንኩርት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የፈረንሳይ ወታደር ዘሩን ከኮርሲካ ደሴት ይዞት ሄዶ እዚያ የለመደ፣ ጣፋጭ፣ እንደ ፍራፍሬ የሚገመጥ ይባልለታል። ኮልፌ ላይ ሲዘሩት ይበቅላል፣ ይለመልማል፣ ቅጠሉ ጉልበት ይደርሳል። ከሥሩ ግን ሽንኩርት የለም፤ በወሩም የለም፣ በስድስት ወሩም የለም። ምክንያቱም ይህ ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው ቀኑ ከ14 ሰዓት በላይ ሲረዝም ነው፤ በሰሜኑ አገር በጋ ይህ አያስቸግርም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የራቀችው፤ የዓመቱ ረጅሙ ቀን፣ ሰኔ ላይ፣ 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሽንኩርቱ የዋሽንግተን ግዛትን ቀን ሲጠብቅ ያረጃል። እርስዎም ቅጠሉን አጭደው እንደ ቄጠማ ለበዓል ሊጎዘጉዙት ይችላሉ። አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ የሚባሉት ዝርያዎች ለእኛ አጭር ቀን የሚስማሙ ናቸው፤ የሚሸጡት ግን እዚሁ ስለሆነ ክብር የላቸውም።

እኅትዎ ዘሩን ስታመጣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልላው ትምጣ። በዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4/1985 መሠረት ከውጭ ለሚገባ ዘር ፈቃድና ከላኪው አገር የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ይህ ለተራ ሰው ምን ያደርጋል? ቅንጬ አረም አሁን ማሳውን፣ መንገድ ዳሩን፣ የግጦሽ መሬቱን የሞላው ማንም ወረቀት ሳይጠይቀው ነው፤ ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ ገባ የሚሉ ብዙ ናቸው። አንድ ካልሲ ምን ያመጣል ብለው ይለፉት።

ዋናው የምክሬ ጌጥ ግን ይህ ነው፦ የእናትዎን ጎመን ከአሜሪካ ያስመጡ። የሀበሻ ጎመን፣ ጎመን ዘር የምንለው፣ እዚያ በዘር ካታሎግ “የኢትዮጵያ ጎመን” ተብሎ፣ በሚያምር ፖስታ፣ በዶላር ይሸጣል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲም አንዱን ዝርያ ቴክስሰል የሚል ስም አውጥቶለታል። በአውሮፕላን መጥቶ ቦሌ ሲያርፍ፣ ከቦሌ ኮልፌ ሲደርስ፣ ጎረቤትዎ ካለው ጎመን ጋር የአጎት ልጆች ናቸው። ሰላምታ ይሰጣጡ።

ጎረቤትን ካነሣን አይቀር፣ ኮልፌ ውስጥ ለዘር ገዥ ትልቁ አደጋ ጎረቤት ነው። ሰፈሩ ከጉራጌ፣ ከጋሞ፣ ከሸዋም የመጣ ሰው የሞላበት ስለሆነ ከአጥሩ ወዲያ ዘር የሚያስቀምጡ እማማ አይጠፉም። በጣም የሚያምሩትን ሁለት ሦስት ጎመኖች ቅጠላቸውን ሳይቆርጡ ይተዋሉ። ያብባሉ፣ ቢጫ ይሆናሉ፣ ቀጭን ፍሬ ይይዛሉ። ፍሬው ቢጫ ሲሆን፣ ፈንድቶ ሳይበተን፣ በጠዋት ጤዛው እንዳለ ያጭዱታል፤ ከዚያ ጥላ ሥር ሰፌድ ላይ ያደርቁታል፣ በእጃቸው ያሹታል፣ ገለባውን እፍ ብለው ያበሩታል። ዘሩን ከጥቂት አመድ ጋር ቀላቅለው፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ ጭስ በሚያገኘው የማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ነቀዝ አይደፍረውም። ይህን ቋጠሮ ሲያዩ ዞር ይበሉ። “ትንሽ ልስጥህ ልጄ፤ ሐምሌ ላይ እንዳትዘራው፣ ይበሰብሳል” ካሉዎ ስልክ እንደተደወለልዎ ያድርጉ። ያለ ክፍያ የሚገኝ ዘር፣ ከነምክሩ፣ እዚያው ሰፈር አፈርና ብርድ ላይ ለዓመታት የተፈተነ ዘር፣ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ውርደት ነው።

የእንሰት፣ የነጭ ሽንኩርትና የኮሰረት ዘር በፓኬት እንዲሸጥልዎት መጠየቅም ይችላሉ። እንሰት ከአምቾው በሚወጣ ቡቃያ፣ ነጭ ሽንኩርት ከፍንካቹ፣ ኮሰረት ከቅርንጫፉ ነው የሚራባው፤ ቢሆንም ጠይቀው የሚሸጥልዎ ሰው አያጡም።

ታሪክ ማንበብም ይቅርብዎ። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. በበቅሎ እየተጓዘ የዚህን አገር ዘር ለምን እንደሰበሰበ ካወቁ ሐሳብዎ ይበተናል። የካሊፎርኒያ ገብስ ከቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የዳነው ከኢትዮጵያ ገብስ በተገኘ ባሕርይ መሆኑን ከሰሙ ደግሞ የአገር ዘርን ማክበር ሊጀምሩ ይችላሉ። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውን የዘር ባንክ፣ የዛሬውን የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ካስታወሱ “እነሱ ያስቀምጡልኛል” ብለው ይተኙ። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን እንዲህ ብሎ መተኛት አልሆነላቸውም። ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ በየዓመቱ እየተዘራ መኖር አለበት ብለው እንደ ኤጀሬ ባሉ ቦታዎች ገበሬው ዘር ተበድሮ ዘር የሚመልስበትን ጎተራ አስፋፉ። የአገሪቱን ዘር ለመጠበቅ በሠሩት ሥራም እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። የእሳቸውን መንገድ የሚከተል ሰው ለሱቅ የሚተርፍ ገንዘብ አያወጣም።

በመጨረሻ፣ የገዙትን ዘር በፍጹም እንዳይፈትሹ። አንዳንድ ሰው 10 ፍሬ ቆጥሮ በረጠበ ሶፍት ይጠቀልልና በሳሕን ሸፍኖ ሳምንት ያቆየዋል፤ 8 ከበቀለ ይዘራል፣ 2 ከበቀለ ለባለሱቁ ይመልሳል። እርስዎ ያለዎትን ሁሉ በአንድ ቀን፣ ዶፍ በሚወርድበት የሐምሌ ሳምንት ይበትኑት፣ ፓኬቱንም ይጣሉት። ነሐሴ ላይ መደቡ ባዶ ሲሆን የኮልፌን አፈር ይውቀሱ፤ አፈር መልስ አይሰጥም። እስከዚያው ለምሳ የሚሆን ጎመን አየር ጤና ጉልት ላይ አለ። ሁለት እስር ይግዙና ዝም ብለው ይሂዱ። ጎመኑ ከማን ጓሮ እንደመጣ፣ ዘሩም ከየት እንደተገኘ ሻጯን እንዳይጠይቋት፤ ትነግርዎታለች።